ከሳንባ ካንሰር ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚቀሩ ችግሮችና አያያዛቸው

የሳንባ ካንሰር ከሳንባ ሳይወጣና ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ሳይዛመት ከተደረሰበት፣ የታማሚው አቅም እስከፈቀደ ድረስ፣ ዕጢውን ከነዙሪያው ቆርጦ ማውጣት ለመዳን የሚያበቃ ዋነኛ ሕክምና ነው። ነገር ግን ዕጢው ወጥቶ፣ ቁስሉ ድኖ፣ ታማሚው ወደ ቤቱ ከገባ በኋላ እንኳ የትንፋሽ ማጠር፣ የጎን ውጋት፣ ደረቅ ሳል፣ ድካምና ሥጋት ለወራት፣ በአንዳንዱ ሰው ላይም ለዓመታት ሊቆዩ ይችላሉ። እንዲህ ያለውን ችግር የሚያነሣ ሰው ከቤተሰቡና ከጎረቤቱ፣ አንዳንዴም ከሕክምና ባለሙያው ጭምር የሚሰማው መልስ «ነፍስ ከተረፈ ሌላው ዕዳው ገብስ ነው» የሚል ይሆናል። አባባሉ ከቅን ልብ የሚመነጭ ማጽናኛ ቢሆንም ውጤቱ ግን ታማሚውን ዝም ማሰኘት ነው፤ ዝም ያለ ታማሚም ሊቀልለት የሚችለውን ሕመም ተሸክሞ ይኖራል። የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብ ከዚህ ይነሣል፦ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚቀሩት ችግሮች አብዛኛዎቹ የታወቀ ምክንያት ያላቸውና እንደ ምክንያታቸው ሊታከሙ ወይም ሊቀልሉ የሚችሉ ጉዳቶች ስለሆኑ፣ በሕይወት መትረፍ እነርሱን ላለመናገር ሰበብ ሊሆን አይገባም።

የሚወጣውና የሚቀረው

የሰው ሳንባ ቀኝና ግራ ሁለት ሲሆን የቀኙ ሦስት፣ የግራው ደግሞ ልብ በምትይዘው ቦታ ምክንያት ሁለት ዐበይት ክፍሎች አሉት፤ እነዚህ ክፍሎች በሕክምና ቋንቋ ሎብ ይባላሉ። ዕጢው ያለበትን ሎብ በሙሉ የሚያወጣው ቀዶ ሕክምና ሎቤክቶሚ፣ ከሎቡ ውስጥ አነስ ያለውን ቁራጭ ብቻ የሚያወጣው ሴግሜንቴክቶሚ፣ አንዱን ሳንባ ሙሉ በሙሉ የሚያወጣው ደግሞ ኒውሞኔክቶሚ ይባላል። ታማሚው ከእነዚህ የትኛው እንደተደረገለት ማወቁ ወደፊት ምን ሊጠብቅ እንደሚችል ለመረዳት የመጀመሪያው እርምጃ ነው፤ የተወሰደው ሳንባ በበዛ መጠን የሚቀረው የትንፋሽ አቅም ያንሳልና።

ሰው በአንድ ሳንባ መኖር መቻሉን የሚያሳይ ታዋቂ ምሳሌ የታየው እ.ኤ.አ. በ1933 በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ ከተማ ሲሆን፣ ኤቫርትስ ግርሃም የተባለው የቀዶ ሕክምና ሊቅ በዚያ ዓመት የካንሰር ዕጢ የነበረበትን ሙሉ ሳንባ በአንድ ጊዜ ቀዶ ሕክምና በተሳካ ሁኔታ አወጣ። ታማሚው ራሱም ሐኪም የነበረ ሲሆን ከዚያ በኋላ 30 ዓመት ያህል ኖረ። ግርሃም ግን እ.ኤ.አ. በ1950 ከኧርንስት ዊንደር ጋር ሆኖ ሲጋራ ማጨስ ከሳንባ ካንሰር ጋር ያለውን ግንኙነት የሚያሳይ ታላቅ ጥናት ካሳተመ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1957 በዚያው በሳንባ ካንሰር ሞተ። ከዚያ ዘመን ወዲህ የሕክምናው ጉዞ በተቻለ መጠን ጤነኛውን ሳንባ ወደ መቆጠብ ያዘነበለ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በጃፓን፣ በ2023 ደግሞ በሰሜን አሜሪካ የተመሩ ጥናቶች ውጤታቸው የታተመ ሲሆን፣ ሁለቱም ከ2 ሳንቲሜትር ለማይበልጡና በሚገባ ተመርጠው ለተለዩ ዕጢዎች ከሎብ ያነሰ ክፍል ማውጣት በመዳን ተስፋ ከሎቤክቶሚ የማያንስ መሆኑን አሳይተዋል።

የወጣው ሎብ ተመልሶ አያድግም፤ ይሁን እንጂ የቀረው ሳንባ ቀስ በቀስ ሰፋ ብሎ ባዶውን ቦታ ይይዛል። ስፒሮሜትሪ በሚባለው የትንፋሽ መለኪያ ሲታይ አቅሙ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በጣም ይወርዳል፣ ከዚያም ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ይሻሻላል። በ6ኛው ወር ገደማ አንድ ሎብ የወጣለት ሰው ከቀድሞ አቅሙ ከ10 እስከ 15 በመቶ ያህል፣ ሙሉ ሳንባ የወጣለት ደግሞ ሲሶውን ያህል ቀንሶ ይገኛል። በመሆኑም ገና በሁለተኛው ወር «እንዲህ ሆኜ ቀረሁ» ብሎ ተስፋ መቁረጥ ጊዜው ያልደረሰ ፍርድ ነው።

ትንፋሽ ማጠር

ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመጣ የትንፋሽ ማጠር የሳንባው መቀነስ ብቻ የፈጠረው አይደለም። የደረት ግድግዳ በጠባሳ ምክንያት መጠንከሩ፣ የደም ማነስ፣ አስቀድሞ የነበረ የአስም ወይም በማጨስና በጭስ የመጣ ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ፣ ደረትን ከሆድ የሚለየውና ዲያፍራም የሚባለው የትንፋሽ ጡንቻ ነርቭ መጎዳት፣ የልብ ምት መዛባት፣ እንዲሁም ከሁሉም ይልቅ በመተኛት ብዛት የመጣ የእግርና የክንድ ጡንቻ መድከም ድርሻ አላቸው። ይህ የመጨረሻው ምክንያት ክፉ ዑደት አለው፦ ሰውየው ሲራመድ ትንፋሹ ስለሚቆራረጥበት ይቀመጣል፣ በተቀመጠ ቁጥር ጡንቻው ይሟሽሻል፣ የደከመ ጡንቻ ለትንሽ ሥራ ብዙ ኦክስጅን ስለሚፈልግ በማግስቱ በአነሰ እርምጃ ትንፋሹ ያጥረዋል። አስታማሚዎች በፍቅር «አትነሣ፣ ዕረፍ» ሲሉ ይህንን ዑደት ሳያውቁት ያፋጥኑታል።

ዑደቱን የሚሰብረው የተለካ እንቅስቃሴ ነው። የሳንባ ተሃድሶ የሚባለው ሕክምና በባለሙያ የሚመራ የእግር ጉዞ፣ የጡንቻ ማጠንከሪያና የአተነፋፈስ ትምህርት የሚሰጥበት፣ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት የሚቆይ ሥልጠና ሲሆን፣ ከሳንባ ቀዶ ሕክምና በኋላ ሰዎች በ6 ደቂቃ ውስጥ የሚራመዱትን ርቀት እንደሚጨምር በጥናት ተረጋግጧል። እንዲህ ያለ አገልግሎት በማይገኝበት ቦታም ቢሆን ሐኪሙ ከፈቀደ በሜዳ ላይ በየቀኑ መራመድና ከወንበር ደጋግሞ መነሣትና መቀመጥ ይቻላል። ልኩን ለማወቅ ስዊድናዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ጉናር ቦርግ ያወጣው ከ0 እስከ 10 የሚደርስ መለኪያ ይረዳል፤ 0 ምንም ማጠር የሌለበት፣ 10 የመጨረሻው የማይቻል ማጠር ሲሆን፣ ጠቃሚው ልምምድ በአብዛኛው 3 እና 4 ላይ፣ ማለትም ትንፋሽ ፈጠን ብሎ ነገር ግን አጭር ዓረፍተ ነገር ለመናገር በሚቻልበት ደረጃ ላይ የሚደረገው ነው።

ትንፋሽ በድንገት ሲያጥር ደግሞ ሦስት ቀላል ዘዴዎች አሉ። የመጀመሪያው በአፍንጫ ስቦ ከንፈርን ለፉጨት እንደሚደረገው አጥብቦ ቀስ ብሎ ማስወጣት ነው፤ ይህ የአየር ቧንቧዎቹ ቶሎ እንዳይከደኑ ስለሚያደርግ የታመቀው አየር በሚገባ ይወጣል። ሁለተኛው ወደ ፊት ዘንበል ብሎ ክንድን በጉልበት ወይም በጠረጴዛ ላይ ማሳረፍ ሲሆን፣ የትከሻና የአንገት ጡንቻዎች ትንፋሽን እንዲያግዙ ያደርጋል። ሦስተኛው ቀዝቀዝ ያለ አየር ፊትን እንዲነካ ማድረግ ነው፤ በአፍንጫና በጉንጭ ዙሪያ ያለው ነርቭ ነፋሱን ሲያውቅ ወደ አንጎል የሚልከው መልእክት የመታፈንን ስሜት ያቀልላል፣ ለዚህም በእጅ የሚያዝ ማራገቢያ ብቻ ይበቃል። በብዙ ኢትዮጵያውያን ቤት ግን ደረቱን የታመመ ሰው «ብርድ እንዳይመታው» ተብሎ መስኮት ይዘጋበታል፣ በላይ በላዩም ይደረብበታል። ታማሚውን በልብስ ማሞቅ አይከፋም፤ የቤቱን አየር መዝጋት ግን ለተጨነቀ ትንፋሽ ሌላ ጭንቀት መጨመር ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው አቅምን የማብቃቃት ጥበብ ነው። አነስተኛ ደመወዝ ያለው ሰው በወሩ መጀመሪያ ሁሉንም አጥፍቶ በብድር እንዳይኖር ወጪውን እንደሚደለድል ሁሉ፣ ትንፋሹ የቀነሰ ሰውም ከባድ ሥራዎችን በአንድ ጠዋት ከመደራረብ ይልቅ በሳምንቱ ቀኖች ሊያከፋፍላቸው ይገባል። ተቀምጦ መታጠብ፣ ጫማ ለማሰር ከመጎንበስ እግርን ማንሣት፣ ደረጃ ሲወጡ በኃይለኛው እርምጃ ላይ ትንፋሽን ማስወጣት፣ ከምግብ በኋላ ወዲያው አለመሥራት እያንዳንዳቸው ትንሽ ቢመስሉም ሲደመሩ ቀኑን ይለውጡታል። ስግደትም ሆነ ሶላት በጉንበሳው ምክንያት ለሚያስቸግረው ሰው፣ አቅም ያነሰው ምእመን ቆሞ ወይም ተቀምጦ እንዲጸልይ ክርስትናም እስልምናም ይፈቅዳሉ።

ከፍታና ጭስ

ለኢትዮጵያውያን ታማሚዎች ልዩ ትርጉም ያለው ጉዳይ የቦታ ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ከተማ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ቀዶ ሕክምናውን በህንድ፣ በታይላንድ ወይም በባሕረ ሰላጤው አገሮች ዝቅተኛ ቦታ ላይ አድርጎ በሚገባ ሲራመድ የነበረ ሰው ደጋው ላይ ሲመለስ ትንፋሹ ቢያጥረው፣ እንዲሁም በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ የሚኖር ወገን ዘመድ ለመጠየቅ ሲመጣ እንዲህ ቢሆንበት፣ በሽታው አገረሸ ማለት ላይሆን ይችላል። የመንገደኞች አውሮፕላን ውስጥም ግፊቱ እስከ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ጋር ሊስተካከል ስለሚችል፣ ከጉዞ በፊት በጣት ላይ በሚደረገው ኦክስሜትር የደም ኦክስጅን በዕረፍትም በእርምጃም መለካትና ከሐኪም ጋር መመካከር ያስፈልጋል፤ በደረት ውስጥ የታመቀ አየር የቀረበት ሰው ግን ሐኪሙ ሳይፈቅድለት መብረር የለበትም።

ሁለተኛው ጉዳይ ጭስ ነው። የማገዶና የከሰል ጭስ ለሳንባ ካንሰር ከሚያጋልጡ ነገሮች አንዱ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ሳንባው የቀነሰ ሰው ደግሞ የእንጀራ ምጣድ፣ በርበሬ የሚቆላበት ብረት ምጣድና እጣን በጠበበ ክፍል ሲደራረቡበት ሳሉ ይነሣበታል። ቡናው ይቅር ማለት አያስፈልግም፤ ቡናውን በረንዳ ላይ መቁላትና ማጨሻውን ከታማሚው ማራቅ ይበቃል። ሲጋራን በሚመለከት ነገሩ የጸና ነው፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ቢሆን ማጨስን ማቆም ዕድሜን ያረዝማል፣ በቤት ውስጥ የሚያጨስ ዘመድም ለታማሚው ሲል ወደ ውጭ ሊወጣ ይገባዋል። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሕዝብ መገልገያ ቤቶች ውስጥ ማጨስን ስለከለከለ፣ ታማሚው በሆቴልም በመሥሪያ ቤትም ጭስ የሌለበት አየር የመጠየቅ ሕጋዊ መሠረት አለው።

የጎን ውጋትና የመደንዘዝ ስሜት

በእያንዳንዱ የጎን አጥንት ሥር አንድ ነርቭ ያልፋል። ቀዶ ሐኪሙ ወደ ሳንባ ለመድረስ በሁለት የጎን አጥንቶች መካከል ስለሚገባ፣ ሰፊ ቀዳዳ ቢከፍትም ሆነ በካሜራ በሚታገዘው ዘዴ በትንንሽ ቀዳዳዎች ቢገባ፣ ይህ ነርቭ ሊጨፈለቅ ወይም ሊለጠጥ ይችላል፤ በካሜራው ዘዴ ጉዳቱ አነስ ቢልም ፈጽሞ አይጠፋም። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከሁለት እስከ ሦስት ወር አልፎ የሚቆይ ሕመም ሥር የሰደደ ተብሎ ይታወቃል፣ ብዙዎችንም ያገኛቸዋል። ጠባዩም ከቁስል ሕመም የተለየ ነው፤ እንደ እሳት ማቃጠል፣ እንደ መርፌ መውጋት፣ ከጡት በታች ወይም ከሆድ በላይ ቆዳው መደንዘዝ፣ አንዳንዴም የሸሚዝ መነካት እንኳ የሚያምበት ሁኔታ አለው።

ይህ የነርቭ ሕመም ስለሆነ እንደ ፓራሲታሞል ባሉት የተለመዱ ማስታገሻዎች ብዙ ጊዜ በቂ እፎይታ አያገኝም፤ አሚትሪፕቲሊን፣ ጋባፔንቲን፣ ፕሪጋባሊን ወይም ዱሎክሰቲን የተባሉትና የነርቭን ከልክ ያለፈ መልእክት የሚያረግቡት መድኃኒቶች የተሻለ ውጤት ይሰጣሉ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ለድባቴ ወይም ለሚጥል በሽታም የሚታዘዙ በመሆናቸው ታማሚዎች ወረቀቱን አንብበው «እብድ ነው ብለውኛል» ብለው ይተዉታል፤ ሐኪሙ ይህንን አስቀድሞ ማስረዳት ግዴታው ነው። መድኃኒቶቹ ከአነስተኛ መጠን ተጀምረው ቀስ በቀስ የሚጨመሩ፣ ለመሥራት ሳምንታት የሚፈልጉና በድንገት የማይቋረጡ ሲሆኑ፣ የልብ ምት መዛባት ያለበት ሰው አሚትሪፕቲሊን ከመጀመሩ በፊት ሁኔታውን ለሐኪሙ መንገር አለበት። በመድኃኒት ላልቀለለው በነርቩ ዙሪያ የሚሰጥ የማደንዘዣ መርፌ ሊረዳው ይችላል።

የደነዘዘ ቆዳ ሙቀትን አያውቅም፤ ስለዚህ የፈላ ውኃ የተሞላ ጠርሙስ፣ ዋግምትም ሆነ መተኮስ በዚያ ቦታ ላይ ሳይታወቅ ከባድ ቁስል ሊያስከትል ስለሚችል መከልከል አለበት። የትከሻ መጠንከር ግን በተቃራኒው እንቅስቃሴ የሚጠይቅ ችግር ነው፤ ታማሚው ሕመሙን ፈርቶ ክንዱን ከጎኑ ባጣበቀ ቁጥር መገጣጠሚያው ይተሳሰራል። ጣቶችን በግድግዳ ላይ ደረጃ በደረጃ ወደ ላይ ማስኬድ፣ ክንድን ከራስ በላይ ማንሣት፣ ነጠላ ማጣፋትና ፀጉር ማበጠር የሚጠቅሙ የዕለት ልምምዶች ሲሆኑ፣ ውኃ የተሞላ ጀሪካን መሸከም ግን ሐኪሙ እስኪፈቅድ መቆየት አለበት።

ሳል፣ ድምፅና ድካም

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚቀር ደረቅ ሳል በማውራት፣ በጥልቅ በመተንፈስ ወይም ከሙቅ ወደ ቀዝቃዛ ቦታ በመውጣት ይቀሰቀሳል። ምክንያቱ የአየር ቧንቧ ነርቮች በቀላሉ የሚቆጡ መሆናቸውና የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ መመለሱ ሊሆን ስለሚችል፣ ቃር ያለበት ሰው ራት በጊዜ መብላትና የአልጋውን ራስጌ ከፍ ማድረግ ይጠቅመዋል፤ ኢናላፕሪልን የመሰሉ አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶችም ራሳቸው ሳል ስለሚያመጡ መመርመር አለባቸው። በኢትዮጵያ የሚያስል ሰው ሁሉ የሳንባ ነቀርሳ እንዳለበት ስለሚጠረጠር፣ ታማሚው አክታውን አስመርምሮ ውጤቱን ቢያውቅ ራሱም ጎረቤቱም ከሥጋት ያርፋሉ።

የድምፅ መጎርነን ደግሞ በተለይ በግራ ሳንባ ቀዶ ሕክምና ላይ የሚያጋጥም ነው፤ የግራውን የድምፅ አውታር የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ወደ ደረት ወርዶ በትልቁ የደም ቧንቧ ቅስት ሥር ተጠምዝዞ ወደ ጉሮሮ ስለሚመለስ፣ በዚያ አካባቢ ያሉ ዕጢዎችና ፍርንትቶች ሲወጡ ሊጎዳ ይችላል። የጉሮሮ ሐኪም የማይንቀሳቀሰውን አውታር በመርፌ ሞልቶ ወደ መካከል በማስጠጋት ድምፁን ሊመልስ፣ በመጠጥ ጊዜ የሚመጣውንም ትንታ ሊቀንስ ይችላል።

ድካሙ የሚረዝመው ሰው አመጋገቡም ሊታይ ይገባል። ቁስልን የሚጠግነውና ጡንቻን የሚገነባው ፕሮቲን ስለሆነ እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋና ዓሣ፣ እነዚህ ባይገኙ ሽሮ፣ ምስርና ባቄላ በየገበታው ሊኖሩ ይገባል። በጾም ወቅት የንስሐ አባትን አማክሮ መብላት ከእምነት መውጣት አይደለም፤ በረመዳንም የታመመ ሰው ከጾም ነፃ ነው። የጉንፋንና የሳንባ ምች ክትባቶች በሚገኙበት ቦታ መከተብ ደግሞ ለቀረው ሳንባ ታላቅ ጥበቃ ነው።

ሥጋትና ዝምታ

ትንፋሽ ሲያጥር ፍርሃት ይነሣል፣ ፍርሃት ደግሞ ትንፋሽን ያፋጥናል። በዚህ ላይ «በሽታው ተመልሶ ይሆን?» የሚለው ጥያቄ የክትትል ቀጠሮ በቀረበ ቁጥር እንቅልፍ ይነሣል። አጫሽ የነበረ ሰው ሕመሙን እንደ ቅጣት ቆጥሮ ሊሸማቀቅ፣ አጭሶ የማያውቀው ደግሞ «ታጨስ ነበር?» በሚለው ጥያቄ ሊቆስል ይችላል፤ ሁለቱም የሚፈልጉት ፍርድን ሳይሆን እንክብካቤን ነው። በብዙ ቤተሰብ ዘንድ የካንሰሩ ስም ከታማሚው ራሱ ይደበቃል፤ ስሙን ያልሰማ ሰው ግን ምን እንደሚጠብቅ ሊጠይቅ፣ ምልክትን ሊለይ፣ ክትትሉን ሊጠብቅ አይችልም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ብሂል ለታማሚው ብቻ ሳይሆን ለሚደብቁለትም የሚሠራ ነው። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ተስፋ መቁረጥ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣትና ከሰው መሸሽ የድባቴ ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ ከጸሎትና ከጸበል ጎን ለጎን የአእምሮ ጤና ባለሙያ ዘንድ መሄድ ተገቢ ነው።

የማይዘገይበት ጊዜ

ነባሩን ችግር መልመድ ማለት አዲሱን ምልክት መናቅ ማለት አይደለም። ደም የተቀላቀለበት አክታ፣ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር ከደረት ሕመም ወይም ከአንድ እግር እብጠት ጋር፣ ትኩሳትና መጥፎ ሽታ ያለው ብዙ አክታ፣ ወይም ልብ ያለ ምክንያት በፍጥነትና በተዛባ ሁኔታ መምታት ከታየ ታማሚው በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ቤት መሄድ አለበት። ከዚህ በፊት ያልነበረ የማይለቅ ራስ ምታት፣ የአጥንት ሕመም፣ የክንድ ወይም የእግር መዛል፣ ምክንያቱ የማይታወቅ ክሳትና ዘግይቶ የመጣ የድምፅ መጎርነንም ቀጠሮን ሳይጠብቁ መታየት አለባቸው። የተለመደው ክትትል በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወይም ሦስት ዓመታት በየ6 ወሩ፣ ከዚያም በየዓመቱ የደረት ሲቲ ስካን ማድረግን ያካትታል፤ ይህም የቀድሞው በሽታ መመለሱን ብቻ ሳይሆን አዲስ ዕጢ መፈጠሩንም ቀድሞ ለማወቅ ይረዳል።

እንግዲህ ሦስት ወገኖች የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ታማሚው የትኛው የሳንባው ክፍል እንደወጣ የሚገልጽ ወረቀት ይዞ ከሐኪም ቤት እንዲወጣ፣ ትንፋሹንና ሕመሙን ከ0 እስከ 10 እየለካ በደብተር እንዲጽፍ፣ በቀጠሮውም ቀን ደብተሩን እንዲያቀርብ ይጠበቅበታል። ቤተሰቡ መስኮቱን ከፍቶ፣ ጭሱን አርቆ፣ ታማሚውን ከአልጋ አስነሥቶ አብሮት ቢራመድ ከብዙ ማጽናኛ ቃል ይበልጥ ይረዳዋል። የሕክምና ባለሙያው ደግሞ ስለ ዕጢው ብቻ ሳይሆን ስለ ትንፋሽ፣ ስለ ውጋት፣ ስለ ሳልና ስለ እንቅልፍ በእያንዳንዱ ቀጠሮ ሊጠይቅ ይገባዋል፤ ታማሚው ሳይጠየቅ የማይናገረው ብዙ ነገር አለና። በሕይወት ለተረፈ ሰው ምስጋና ተገቢ ነው፤ ይሁን እንጂ ያተረፈው ሕክምና ሥራውን የሚፈጽመው፣ ሰውየው በተረፈለት ዕድሜ በሚችለው መጠን እንዲራመድ፣ እንዲሠራና ያለ ሥቃይ እንዲተኛ ሲያስችለው ነው።